ታንኩ ሞልቶ ሞተሩ ሲጠማ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አልዌሮ ግድብ ነው። ግን ከውድድር መኪና ልጀምር፤ ምክንያቱ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

መኪና የሚወድ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። የውድድር መኪና የሚሠራ መካኒክ ግን «ይህን ጉልበት ምን ይመግበዋል?» ይላል። ቱርቦ ያለው 500 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ በደቂቃ 3 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ስለዚህ ስሌቱ ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኢንጀክተሩ ይህን ያህል ያሳልፋል? ፊልትሮው አያንቅም? ቱቦው አይጠብም? ግፊት ሲጨምር ፓምፑ የሚሰጠው መጠን እንደሚቀንስ ታስቧል? ታንኩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ፈተናውም በደህናው ሰዓት አይደለም። ታንኩ ሩብ ሲቀረው፣ መኪናው ኩርባ ሲይዝ፣ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ነው። ያኔ ፓምፑ አየር ከሳበ ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል፤ ሙቀቱ ያሻቅባል፤ ፒስተኑ ይበሳል። ጉልበቱ በበዛ ቁጥር ጥፋቱም ይፈጥናል። ለዚህ ነው በዋናው ታንክና በሞተሩ መካከል ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ ታንክ የሚያስገቡት። ኩርባው እስኪያልፍ ሞተሩ ከዚያ ይጠጣል።

አሁን ወደ አቦቦ እንውረድ።

አልዌሮ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተገነባ ግድብ ነው። ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የታሰበውም 10 ሺህ ሄክታር ገደማ በመስኖ ለማልማት ነበር። ግድቡ ቆመ፣ ውሃው ተኛ፣ ቦዩ ግን ማሳው ድረስ አልሄደም። ሥርዓት ተለወጠ፤ ዓመታት አለፉ። በኋላ ሳዑዲ ስታር ለሩዝ እርሻ 10 ሺህ ሄክታር ተሰጠው። ከዚያም ወዲህ የለማው መሬት ከተሰጠው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይህ ታንክ ተገጥሞለት ቱቦ የተረሳ መኪና ካልሆነ ምን ይባላል?

«የድሮ ጥፋት ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም! ዛሬም በናፍጣው ላይ ያንኑ እየደገምን ነው።

ትራክተር ይገባል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ዜና ይሠራል። ያ ትራክተር የሚጠጣው ናፍጣ ግን ከጅቡቲ ተነሥቶ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ይጓዛል። ጋምቤላ ከተማ ከደረሰ በኋላም አቦቦ ድረስ ገና መንገድ ይቀረዋል። ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ይገዛል፣ ከማደያው ዋጋ በላይ። ውሃ ይኑርበት፣ ላምባ ይቀላቀልበት ማንም አያውቅም።

ከዓመታት በፊት እዚያው አካባቢ ወዳለ አንድ እርሻ የቆመ ትራክተር እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ፊልትሮውን ስፈታ ውሃና ዝገት ወረደ። በርሜሉ ክዳኑ ላልቶ ዝናብ ላይ ከርሟል። የዘር ጊዜው እያለፈ ነው። ኃላፊው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ ትራክተር ደካማ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትልቁን እናስመጣለን!»

ትልቁ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የድሮው ሞተር ቆሻሻውን አጉረምርሞ ይውጥ ነበር። አዲሱ የኮመን ሬይል ሞተር ናፍጣውን እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ይረጫል፤ ፓምፑ የሚለሰልሰውም በዚያው ናፍጣ ነው። ውሃ የገባበት ናፍጣ ፓምፑን ይፍቀዋል፤ ፍቅፋቂው ኢንጀክተሮቹን ይጨርሳል። መለዋወጫው በዶላር ነው። የገዛነው ጉልበት በሃይላንድ ናፍጣ ይሞታል ማለት ነው።

መልሶቹን አውቃቸዋለሁ። «የውጭ ምንዛሬ የለም» ይባላል። እሺ፤ በርሜልን ጥላ ሥር አቁሞ ክዳኑን ለማጥበቅ፣ ዝቃጩ እስኪሰክን ጠብቆ ከላይ ለመሳብ ስንት ዶላር ይጠይቃል? «ድንበር ስለሆነ ነዳጅ ቢበዛ ኮንትሮባንድ ይሆናል» ይባላል። ኮንትሮባንዱን የሚያወፍረው እጥረቱ ራሱ ነው፤ የሚቀጣው ግን ገበሬው ነው። «ድጎማው እየተነሣ ነው፤ ክፍያውም በቴሌብር ሆኗል» ይባላል። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ዋጋው ደጋግሞ ሲስተካከል አይተናል። ግን ዋጋ ቱቦ አይደለም፤ ስልክም ናፍጣ አያደርስም።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ ስሌቱ ከማሳው ይጀምር። በእርሻና በዘር ወራት አቦቦ በቀን ስንት ሊትር ያስፈልጋታል? ኮታው ከዚህ ይነሣ እንጂ ከተማ ላይ ከተረፈው አይሁን።

ሁለተኛ፣ አቦቦ ላይ ውሃ መለያ ያለው የናፍጣ ማከማቻ ይቁም፤ ክረምት መንገዱን ከመዝጋቱ በፊትም ይሞላ። ያቺ በታንኩና በሞተሩ መካከል ያለችው ትንሽ ታንክ ይህች ናት። ኩርባው በየዓመቱ እንደሚመጣ እያወቅን ለምን እንደነግጣለን?

ሦስተኛ፣ ከአልዌሮ ወደ አካባቢው ገበሬ ማሳ የሚወስዱ ትንንሽ ቦዮች ከማንኛውም አዲስ የመሬት ውል ይቅደሙ። ግድቡ ሥር የሚኖር ሰው ውሃውን በዓይኑ ብቻ እያየ ሊያረጅ አይገባም።

አራተኛ፣ ለአዲስ ትራክተር በጀት ሲጠየቅ የማመላለሻው፣ የማከማቻውና የፊልትሮው ወጪ አብሮ ካልቀረበ ይመለስ። ቱቦ የሌለው ጉልበት ሐውልት ነው።

የውድድር መካኒክ ቢሳሳት አንድ ሞተር ይቃጠላል። እኛ ስንሳሳት አንድ ክረምት ያልፋል፤ ክረምት ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ስለ ግድብና ስለ ትራክተር ብዛት ሲነግራችሁ፣ ስንት እንደሆነ አትጠይቁት። «በምን ይደርሳል?» በሉት።

እናንተ አካባቢስ ቱቦው የት ላይ ነው የተቆረጠው? ጻፉልን።