መሬት የማይታየው ስንት ቀን ነው?



በዚህ ዓምድ ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ ስንጽፍ ከቤት ደጅ ርቀን የሄድንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ራሱ ወደ ባሕር ስለ ወሰደን እንድትከተሉን እንለምናለን። መነሻችን ከማናቸውም ባሕር የራቀች፣ በወልቂጤ አጠገብ የምትገኘው ጉብሬ ናት።

ባለፈው መስቀል በዚያች ከተማ በአንድ የተከበረ ቤት ተጋብዘን ነበር። የጉራጌ ሰው በየአገሩ ተበትኖ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት መመለሱን የማያውቅ ስለሌለ፣ ስለ ክትፎውና ስለ ቆጮው፣ ስለ ሰፊው ጀፎረም አናወራም። ገበታው ከተነሣ በኋላ ከልጆቹ አንዱ፣ በውጭ አገር የሚሠራው፣ በስልኩ ላይ የአንድ ትልቅ ነጭ መርከብ ሥዕል አውጥቶ ለእናቱ አሳየ፤ ወንድማማቾቹም ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን በሽርሽር መርከብ ወደ ሩቅ ደሴቶች ሊሰዱ ማሰባቸውን ገለጠ። አባት ወዲያው «ገንዘቡ ለቤቱ ክዳን ይሁን» አሉ። እናት ግን ሥዕሉን ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «በዚህ ላይ ከወጣሁ መሬት የማላየው ስንት ቀን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከልጆቹ የመለሰ አልነበረም፤ እኛም አናውቅምና ዝም አልን።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ስንመረምር የቆየነውን እነሆ እናቀርባለን።

የባሕር መንገድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከመኳንንቱ ጋራ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብጽና ወደ አውሮፓ ተሻግረዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ከዚያው ወደብ ተሳፍረው እስከ ጃፓን ሄደዋል፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለሕዝብ ጽፈዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ጉዳይ የሄዱ ናቸው። ለመዝናናት ብቻ በመርከብ መዞር የተጀመረበት ምክንያት ሌላና ጥቂትም የሚያስቅ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት አትላንቲክን የሚሻገር መንገደኛ ስለሚያንስ፣ የሐምቡርግ የመርከብ ኩባንያ ሹም የነበረው አልበርት ባሊን መርከቡ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም ብሎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን ባለጠጎች አሳፍሮ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ላካት። ነገሩ ስለ ሰመረ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ እንደዚህ ያለ መርከብ የማይደርስበት ዳርቻ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ እመቤቲቱ ጥያቄ እንመለስ።

በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ሲሸልስ ለእኛ ከሌሎቹ ትቀርባለች። ከእርስዋም እጅግ የራቀችው አልዳብራ ከዋናው ደሴት ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ መርከብ በመካከል ባይቆም ሁለት ቀን ግድም ውኃ ብቻ ይታያል። በዚያች ደሴት ከጠባቂዎችና ከተመራማሪዎች በቀር ሰው አይኖርም፤ ከ100,000 የሚበልጡ ታላላቅ የየብስ ኤሊዎች ግን ይኖራሉ። ወደ ደቡብ ዋልታ ወደ አንታርክቲካ የሚሄድ ደግሞ ከአርጀንቲና ከተማ ከኡሽዋያ ተነሥቶ የድሬክን ባሕር ሁለት ቀን ያህል ይሻገራል፤ ይህም ባሕር በማዕበሉ የታወቀ ነው። በአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ እንዳይወርድ ደንብ ስላለ፣ ከ500 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ሰውን ጨርሶ ሳያወርድ በሩቁ አሳይቶ ይመለሳል። ስለዚህ በመርከቡ ማማር የተደሰተ ሰው አስቀድሞ የመንገደኛውን ቍጥር ይጠይቅ።

ከሁሉ የራቀችው ትሪስታን ዳ ኩኛ ናት። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕ ታውን በመርከብ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ የሚኖሩባትም ከ300 የማይበልጡ ሰዎች ናቸው። ወደቧ ትንሽ ስለ ሆነ ማዕበል ከተነሣ መውረድ አይቻልም። ያን ያህል ቀን ተጉዘው፣ የደሴቲቱን ተራራ ከመርከብ ላይ አይተው ብቻ የተመለሱ መንገደኞች አሉ። ይህን ስናነብ የጉብሬዋ እመቤት ምን ይሉ ይሆን ብለን ሳቅን።

ስለ ወጪው ደግሞ ዝም ማለት አይገባንም። በማስታወቂያ የሚወጣው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ነው፤ ብቻውን የሚሄድ ይጨምራል። በብዙ መርከቦች ላይ የአሽከሮች ጉርሻና በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝት በዚህ አይቈጠርም። የእኛ አገር ሰው መርከቡ ለአንድ ቀን ብቻ ለሚቆምበት አገር እንኳ ቪዛ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ወደቦቹን አንድ በአንድ ይመርምር። ሲሸልስ ቪዛ ባትጠይቅም አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ ለቤተ ሰቡ ስንጽፍ አንድ ነገር ጨመርን። እመቤቲቱ የተወለዱት በወለኔ ነው። ከጉብሬ በጉራጌ ደጋ ተሻግሮ ቡታጅራ ከደረሱ በኋላ፣ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ የዝዋይ ሐይቅ አለ፤ በዳሩ ያለችው ከተማ ዛሬ ባቱ ትባላለች። በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ዋና ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ፣ በሌላ ስሟ ደብረ ጽዮን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዶ የተሸሸገባት ናት ተብሎ ይተረካል። የደሴቶቹ ሕዝብ ዛይ ይባላል፤ ቋንቋውም የስልጤኛና የወለኔኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ከቤታቸው ያን ያህል ርቀው፣ በውኃ መካከል፣ የእናታቸውን ቋንቋ የሚመስል ንግግር መስማት ለእኚህ እመቤት ከአልዳብራ ኤሊዎች ያነሰ ድንቅ አይመስለንም። ስለ ጣና ልንጽፍም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ» የተባለች መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ወደዚያ መሄዷ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ሆነ ግን ለሌላ ሳምንት አቆይተነዋል።

በዝዋይ መሬት ከዓይን አይጠፋም። ቢሆንም ውኃ ውኃ ነውና፣ ከመሳፈር በፊት የመንሳፈፊያው ጃኬት ከተሳፋሪው ቍጥር ጋራ ትክክል መሆኑን በዓይን ማየት፣ ከቀትር በኋላም ነፋስ ስለሚነሣ በጧት ሄዶ በጊዜ መመለስ ያስፈልጋል።

መልሱ በዚህ ሳምንት ደረሰን። አባት የቤቱን ክዳን ገንዘብ ተቀብለዋል። እናት ግን «የዝዋዩ ይቅደም፤ ሆዴ ካልታወከ ኤሊዎቹን ደግሞ አያለሁ» ብለው ልከውብናል። የመርከቡም ሥዕል ከልጃቸው ስልክ ታትሞ በግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። ጉዞው ለጥምቀት ማግሥት ተቈርጧል።