የውሃው ምርመራ ውጤት የማን ነው?

“ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ጎርፍ ሳይሆን ከቧንቧ ጥርት ብሎ ስለሚወርደው ውሃ ነው። ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ከአንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ከላይ የሚኖሩት ባልና ሚስት የሕፃን ልጃቸውን ወተት የሚበጠብጡት እኛ ቡና ከምናፈላበት ከዚያው ቧንቧ ነው። በጥር ወር መጨረሻ ዋሽንግተን ፖስት ጉዱን አወጣው። የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ባለፈው ሰመር ከመረመራቸው ከ6 ሺህ በላይ ቤቶች ውስጥ ከ4 ሺህ በሚበልጡት፣ በውሃው ውስጥ የተገኘው እርሳስ የፌዴራል መንግሥቱ ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ15 ማይክሮግራም፣ በላይ ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እኛ ሐበሾች “አፍልቶ መጠጣት ነው” እንላለን። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እርሳስን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል።

እርሳሱ የመጣው ከወንዙ አልነበረም። በ2000 መጨረሻ ላይ ውሃውን የሚያክሙት ሰዎች በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን መጠቀም ጀመሩ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ክሎሪን የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች ለመቀነስ ነው። ነገር ግን በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ለዓመታት ተጋግሮ መርዙን ይዞት የነበረው ቅርፊት በአዲሱ መድኃኒት መሟሟት ጀመረ። በ2004 ፎስፌት እስኪጨመር ድረስ ሕዝቡ ሲጠጣ ኖረ።

ይባስ ብሎ የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት ያን ያህል የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ የሚያስመስል ሪፖርት አወጣ። የቨርጂኒያ ቴክ መምህር ማርክ ኤድዋርድስ ቁጥሩ አልገጠመኝም ብሎ ዓመታት ተሟገተ። በ2010 የኮንግሬስ ንዑስ ኮሚቴ ማዕከሉ ጎደሎ መረጃ እንደተጠቀመ ይፋ አደረገ።

እንግዲህ አሜሪካኖችም ይደብቃሉ። ይህን የምለው የፈረንጅ አገር ገነት ነው ለሚሉን ወገኖች ነው። ነገር ግን ምርመራውን ሕግ ያስገድዳል፣ ውጤቱ ይመዘገባል፣ ጋዜጠኛው ጠይቆ ያገኘዋል። በ1996 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ ውሃ አቅራቢው በየዓመቱ ለደንበኞቹ የጥራት ሪፖርት እንዲሰጥ ያዛል። እኔ ያን ወረቀት ለስንት ዓመት ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ሳላነበው እንደጣልኩት ባልናገር ይሻላል።

ወደ አገራችን ልምጣ። በ2006 ወረርሽኝ ሲነሣ ያኔ በሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ ስሙን “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” አለው፤ ባጭሩ አተት። በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ ሲከሰትም ያው አተት ነበር። ተቅማጥና ትውከት ምልክት ነው፣ የበሽታ ስም አይደለም። ኮሌራ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ላቦራቶሪ በቀላሉ ይለየዋል። በ2017 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ሲወዳደሩ፣ ሎውረንስ ጎስቲን የተባሉ የሕግ ምሁር በሚኒስትርነታቸው ዘመን ኮሌራ ተደብቋል ብለው ከሰሱ፤ እሳቸውም አስተባበሉ። በ2019 ባለሥልጣናቱ ኮሌራን በስሙ ሲጠሩት ሰማይ አልተደፋም። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን? የትኛው ምንጭ እንደተበከለ ያልተነገራት እናት ልጇን ከየትኛው ውሃ ትከልክል?

ኮሌራስ ቶሎ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ ያለው ፍሎራይድ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል። ከእሳተ ገሞራው ዓለት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበቃል ሲል ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። መጀመሪያ የልጆቹን ጥርስ ያጠቁራል፣ ኋላ አጥንት ያደርቃል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ጀርባቸው አልታጠፍ ብሎ ጡረታ የወጡት በዚህ ነው፤ ሐኪሞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጽፈውታል። ይህም በማፍላት አይለቅም።

ባለፈው ዓመት የአንድ ወረዳ ተወላጆች በዚያው በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ ሲያሰባስቡ ተገኝቼ ነበር። የቁፋሮው፣ የፓምፑ፣ የሪባን መቁረጫው በዓል ሳይቀር በጀት ተይዟል። የፍሎራይድ ምርመራ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፣ “ልጄ፣ ውሃ እንኳን ተገኘ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰዎቹ የሚጠጡት የኩሬ ውሃ ነው። ያም ሆኖ መዋጮዬን ሰጥቼ፣ ውጤቱ ተመርምሮ በአማርኛና በኦሮምኛ ከጉድጓዱ አጠገብ እንዲለጠፍ በቃለ ጉባኤ አስያዝኩ። ጉድጓዱ ገና አልተቆፈረም፤ ሲቆፈር ወረቀቱን በፎቶ እንዲልኩልኝ ተስማምተናል።