«በፍሪ ልልቀቃት፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ለምትሉ ሹፌሮች

ሰሞኑን ከአይከል ወደ ገንዳ ውሃ በሚኒባስ ስወርድ፣ ቁልቁለቱ ገና ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ሹፌሩ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ለቀቃት። «ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ እንጂ» ስለው በመስታወት አየኝና «ቲቸር፣ ነዳጁን በጥቁር ገበያ ነው የገዛሁት፤ ልዩነቱን አንተ ትከፍልልኛለህ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ «ኧረ በእመቤቴ፣ ቀስ በል ልጄ» አሉ።

እዚያ አፌን ስላስያዘኝ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ይቆጥባል የሚባለው ራሱ ውሸት ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ካነሳህ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ያኔ ጎማው ነው። ኮምፒውተር የሌለው አሮጌ የናፍጣ አይሱዙ እንኳ ፓምፑ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ያንኑ ሥራ ይሠራለታል። ፍሪ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት፤ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ገደማ። ታዲያ ማን ቆጠበ? ካርቡራተር ባለው የድሮ መኪና ወይም ለስለስ ባለ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ነገር ሊገኝ ይችላል፣ አልክድም። ጠብታ ናት።

ጭራሽ ሞተሩን የሚያጠፉም አሉ! የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልልህ እኮ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ኃይል ነው። ሞተሩ ከጠፋ አንዴ ሁለቴ ስትረግጥ ያልቃል፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ነው። መሪውም ይከብድሃል።

አሁን ወደ ክፍል ልግባ። ከአይከል እስከ መተማ ዮሐንስ ከ1,000 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ከነሰውና ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 1,000 ሜትር ሲወርድ 29 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ይለቃል። 1 ሊትር ቤንዚን ነዶ ሲያልቅ የሚሰጠው ሙቀት 32 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ነው። ተቀራራቢ ነው እኮ! ከፊሉን ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው። ፍሪ ስታደርግ ሞተሩን አሰናበትከው፤ ሁሉም ሸራው ላይ ወደቀ። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል። ስንት ዓመት ሳይቀየር የኖረው የፍሬን ዘይትም ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከዚያ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ይባላል። እምቢ አላለም፣ አንተ ነህ ያቃጠልከው።

ሹፌሩን ብቻ አልወቅስም። ባለንብረቱ ማታ ማታ ቁርጥ ሂሳብ ይጠብቃል፤ ቤንዚኑ ማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ይሸጣል። ይገባኛል። ግን ይኸው «ቆጣቢ» ሹፌር አይደል መናኸሪያ ውስጥ «አንድ ሰው የቀረው!» እያስባለ፣ ግማሽ መኪና ባዶ ሆኖ፣ የሚሄድ ለመምሰል ሞተሩን ግማሽ ሰዓት የሚያንጫጫው? የጎማው ንፋስ የጎደለ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ የተደፈነ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ተራራ የጫነ። ነዳጅህ የሚያልቀው እዚያ ነው።

«በከባድ ማርሽ ስወርድ ሞተሩ ይጮህብኛል» የሚል አለ። ይጩህ! ዙሩ ቀዩን መስመር እስካላለፈ ምንም አይሆንም። ቁልቁለቱን ሽቅብ ብትወጣው ስንተኛ ማርሽ ትጠቀም ነበር? ሳትጀምረው በፊት እሱን አስገባና ውረድ።

ተሳፋሪዎችም፣ ቁልቁለት ላይ ድምፁ ድንገት ከጠፋ ዝም አትበሉ። እኔ ላይ የሳቃችሁትን ጭምር ነው። «አስተማሪ ስለ መኪና ምን ያውቃል» የምትሉ ደግሞ ኮሜንት ላይ አለሁ፣ ሂሳቡን ይዛችሁ ኑ።