ውጅግራው ከክላሹ ጋር አይመዝገብ

የጦር መሣሪያ ይመዝገብ በተባለ ቁጥር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አንዳንድ ቤቶች የሚነሳው ጥያቄ ክላሽን አይመለከትም። ከአያት የወረደው፣ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን የተቆጠረለት ውጅግራ ወዴት ይሂድ ነው ጥያቄው። ባለቤቱ ቢያስመዘግበው ይወረስብኛል ብሎ ይሰጋል፤ ቢደብቀው ደግሞ ወንጀል ነው። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው፤ አሮጌ ጠመንጃን መጀመሪያ ማየት ያለበት የቅርስ ባለሙያ ነው፤ ፖሊስ ከእሱ ቀጥሎ ይምጣ።

ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ይከለክላል። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ መቆጣጠሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ችግሩ ያለው አንዱን ዕቃ ሁለት መሥሪያ ቤት ከሁለት አቅጣጫ ሲያየው ነው። ፖሊሱ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም ብሎ ይጠይቃል፤ የቅርስ ባለሙያው ከየት መጣ፣ ማን ያዘው፣ ምን ተጽፎበታል ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ከተጠየቀ ሁለተኛውን የሚመልሰው ብረት ተጨፍልቆ ያልቃል።

ምን እንደሚጠፋ ለመረዳት አንዱን ጠመንጃ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው የመረጡት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። ከሴንት ኤትየን ፋብሪካ የወጣው በጎኑ ላይ የፋብሪካው ስምና ያ ዓመት የእጅ ጽሑፍ በሚመስል ቀጭን ፊደል ተቀርጾበታል። እስከዚህ የፈረንጅ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኛ ነው። የተሰነጠቀው ሰደፍ በጥሬ ቆዳ ተለብጦ ይሰፋል፤ ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። አፈሙዙ ከእንጨቱ እንዳይላቀቅ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ አቅም ያለው በብር ያስጌጠዋል። አንዳንዱ ላይ በምስማር ጫፍ የተጫረ ስም አለ፤ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲሻገር ደግሞ ስሙ ተፍቆ ሌላ ይተካል። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከጀርመን ለኢትዮጵያ የተሠሩት ሞዘሮች አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ይህን ሁሉ ከዝገት ለይቶ ማንበብ ሙያ ይጠይቃል፤ በፍተሻ ሌሊት በባትሪ መብራት የሚሆን ሥራ አይደለም።

ለእነዚህ ከተሞች የጠመንጃ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከእንጦጦ ተራራ ጫፍ በስተሰሜን የሱሉልታ ሜዳ፣ በስተምዕራብ ቡራዩ ይታያል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ከታጁራ በግመል ያስጫነውን 2,000 ያህል ጠመንጃ ለመሸጥ የመጣው ወደዚሁ እንጦጦ ነበር። ዕቃው አውሮፓ ጊዜው አለፈበት ብላ የተወችው ነው። ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ ተመልሰው ዋጋውን ሰበሩት፤ ባለቅኔው ኪሳራውን ታቅፎ ተመለሰ። (ገበያ የሚያውቅ ንጉሥ መሆናቸውን ያወቀው ዘግይቶ ነው።) ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ቬተርሊ ጠመንጃ በሺዎች ተማረከ።

በብረት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ሰነድ ነው ስንል የአፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ እናስታውሳለን። በሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ወታደሮች መቅደላ አምባ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን አጠገብ ባገኙት ሽጉጥ የብር ሰሌዳ ላይ፣ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ከንግሥት ቪክቶሪያ የተበረከተ መሆኑን አነበቡ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1854 ይላል። ቴዎድሮስ ግን የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ገና ያልነገሠን ሰው ንጉሠ ነገሥት ብሎ ይጠራል። ታሪክ ጸሐፊን የሚያከራክር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚነሳው ብረቱ ስላለ ነው። ቀልጦ ቢሆን ክርክሩም ባልነበረ።

ከመቅደላ የተዘረፈውን ለማስመለስ መንግሥት የሚያደርገውን ጥረት እንደግፋለን። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶርሴት ውስጥ ሊጫረቱ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች በኤምባሲያችን ጥያቄ ከጨረታ ሲወጡ፣ በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረው ጋሻ ሲመለስ ተደስተናል። ነገር ግን በእነዚሁ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተቸርችረዋል። ቬተርሊው፣ ውጅግራው፣ ለበኑ፣ ሞዘሩ ከነአቧራው፣ ከነጥሬ ቆዳ ጥገናው በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ከኢትዮጵያ መምጣቱ ራሱ ማስታወቂያ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1898 የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ብሎ ከመሣሪያ ቁጥጥር ነፃ ያደርገዋል፤ አድዋ የተዋጋው እ.ኤ.አ. በ1896 ነውና አድዋ የዋለ ጠመንጃ ሁሉ በዚያ ሕግ ጥንታዊ ዕቃ ነው። ኦሃዮ ያለ ሰብሳቢ በግድግዳው ሰቅሎ የሚኮራበትን የሱሉልታ ገበሬ ከአልጋው ሥር ይደብቀዋል። በጅምላ መውጣቱ ስህተት ነበር እንላለን። ከመሸጡ በፊት አንድ በአንድ ታይቶ፣ ጽሑፍና ምልክት ያለው ተለይቶ ለሙዚየም መቅረት ነበረበት። ፒያሳ ላይ በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለን፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ አጣን ማለት አይቻልም።

የጸጥታ ሥጋቱን አናቃልልም። የብዙ ንጹሐን ሕይወት የጠፋበትን የመስከረም 2011 ሰሞን ቡራዩ አልረሳችውም፤ ማንም ሰው ጎረቤቱ ጠመንጃ እንዳለው ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሥጋቱ ትክክል የሆነበትን ቦታ ግን እንለይ። ውጅግራ፣ ሠናድርና ረሚንግተን በድሮው ጥቁር ባሩድ የሚሠሩ ናቸው፤ እንደ ቅርስ ተመዝግበው ቤተሰቡ ዘንድ ይቆዩ። ሞዘር ግን ሌላ ነው፤ ጥይቱ ዛሬም ይመረታል። እሱን ባለቤቱ እንዲይዘው ከተፈቀደ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወጥቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ፖሊስ ዘንድ ይቀመጥ። አፈሙዙን በብየዳ መድፈን ግን አይገባም። መርፌው ነገ ሊመለስ ይችላል፤ የተበየደ ብረት ግን አይመለስም። ለቀብርና ለሠርግ መተኮሱም ይቅር። መቶ ዓመት ያለፈው በርሜል በቤት በተሞላ ጥይት ሲፈነዳ የሚጎዳው ተኳሹን ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የእርሻ መሬት ቤት እየሆነ፣ ቤተሰብ ከሰፊ ግቢ ወደ ጠባብ ክፍል እየገባ ባለበት በዚህ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጠው የድሮ ዕቃ ነው። ስለዚህ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከፖሊስ ጋር አንድ ጠረጴዛ ይዘርጋ። ቅጹ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ የሰደፉ ጥገናና ባለቤቱ የሚተርከው ታሪክ የሚሞላበት ቦታ ይኑር፤ ጠመንጃው በሁለቱም ጎኑ ፎቶ ይነሳ፤ ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ ጠመንጃውንም ይዞ ይመለስ። የሕግ ከለላ ያገኘ ባለቤት መደበቅን አይመርጥም። ሰብሳቢዎችንም በጅምላ አንወቅስም፤ የገዛውን የሚያስመዘግብና ለዐውደ ርዕይ የሚያውስ ሰብሳቢ ለቅርስ ጥበቃ አጋር ነው። ሳያስመዘግብ ገዝቶ በሻንጣ የሚያሻግረው ግን ሕገወጥ የቅርስ አዘዋዋሪ ነውና እንደዚያው ይጠየቅ።

ለባለቤቶችም አንድ ነገር እንላለን። ምዝገባው ሲደርስ ጠመንጃው ያምር ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ቀጭኑ ቅርጽ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ትንሽ ዘይት ቀቡት፣ የሰደፉን ቆዳ አትንኩት። የሸገር ከተማ አስተዳደርም የሚቀጥለው የምዝገባ ዙር ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሙያው የሚቀመጥበትን ቦታና ቀን ለሕዝብ ያሳውቅ።