የማውጫው ነገር ሊታሰብበት ይገባል

አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በኮምፒዩተር አገናኝቶ ደብዳቤውን፣ መመሪያውንና ሪፖርቱን በአንድ የጋራ የሥራ መድረክ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሁሉም የሚነጋገረው ስለ መድረኩ ነው። ከገጹ ራስ ወይም ከጎኑ ተደርድሮ ሠራተኛውን ወደሚፈልገው ጽሑፍ የሚመራውን ማውጫ ግን አስቦ የሚመርጥ ጥቂት ነው። እኛ እንደሚመስለን ሥራ የሚቀናውም የሚሰናከለውም በዚህች ትንሽ ቦታ ነው።

ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቁይን እንውሰድ። አንድ ገበሬ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ ስለ መሬት ይዞታ ደብተሩ ሊጠይቅ ቢመጣና ባለሙያው ለመስክ ሥራ ወጥቶ ቢሆን፣ ተተክቶ የተቀመጠው ወጣት መመሪያውን ፈልጎ ካጣው «አባባ፣ ነገ ይምጡ» ከማለት በቀር ምን ያደርጋል? ነገ ማለት ለዚያ ሰው በመኸር ወራት የደረሰ እህል ጥሎ መምጣት ነው።

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ ሁሉ ወረቀት የሚመላለሰው በቴሌግራም ቡድን ነው። ቴሌግራም ለመልእክት ደግ ነገር ነው፤ ዐምና የተላከን መመሪያ እዚያ ውስጥ መፈለግ ግን ከአውድማ የወደቀች አንዲት የጤፍ ፍሬ እንደ መልቀም ይቈጠራል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደ ወጣው የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት፣ ወይም በ2004 እንደ ወጣው የአትላሲያን ኮንፍሉዌንስ ያለ መድረክ የሚመርጥ ይኖራል። ሁለቱም የራሳቸው ማውጫ አላቸው፤ የሼርፖይንቱ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ይወርዳል፣ የኮንፍሉዌንሱ ገጾቹን በጎን በኩል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህ አይበቃም የሚል ካለ ምክንያቱን ያስረዳን። ነገር ግን ወጣት ባለሙያዎቻችን ገበያውን ሲያዩ፣ ቀለም ያለውንና ሲነኩት የሚዘረጋውን አድ ኦን ይመኛሉ።

አድ ኦንን በአማርኛ ተቀጥላ ብንለው ስሙ ጠባዩን ይገልጸዋል። ዛፍ ላይ የበቀለ ተቀጥላ ዛፉ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃልና። አትላሲያን በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. አስታውቆ፣ በየራሳችን ሰርቨር ላይ ይተከል የነበረውን ምርቱን ከየካቲት 15 ቀን 2024 ጀምሮ መደገፍ አቆመ፤ ለዚያ ተቀጥላ የገዙ ሁሉ በአዲሱ ቤት አቻው ይኑር አይኑር ሊያጣሩ ግድ ሆነባቸው። ማይክሮሶፍትም የሼርፖይንት የቀድሞ ዐይነት አድ ኢኖች ሥራ የሚያቆሙበትን ቀን ሚያዝያ 2 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ብሎ የወሰነው አስቀድሞ በ2023 ነበር። ሻጩን መጠየቅ ያለብን ስለ ውበቱ ሳይሆን በየትኛው ዘዴ እንደ ተሠራና ማን እንደሚጠብቀው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የፊደላችን ነገር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷልና ማውጫውን በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ከማውጫው ጋር በተያያዘችው መፈለጊያ ሣጥን ነው። አንዱ «ፍትሕ» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «ፍትህ» ብሎ ይፈልገዋል፤ «ጸጥታ» እና «ፀጥታ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» እንዲሁ። በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን በእሳቱ ሰ ጽፎ ከጎጃም የቅኔ መምህር ፊት መቅረብ ያስነቅፋል፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን እንደ መጣለት ይጽፋል። (ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለውን የቆየ ክርክር እዚህ አናነሣም።) ለኮምፒዩተሩ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ተቀጥላው አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ካልተሠራ፣ ወረቀቱ እዚያው ተቀምጦ ሳለ «አልተገኘም» ይላል፤ ወጣቱም ያምነዋል፤ ገበሬውም ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ እየመቱ ሳይፈትኑ መግዛት አይገባም።

የመሥመሩም ነገር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መሥመሩ ሲኖርም ቀጭን በሆነበት ስፍራ፣ ገጽ በተከፈተ ቊጥር ሥዕሉንና ጌጡን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ማውጫ ከጽሑፉ ኋላ ይደርሳል።

አንዳንዶች ደግሞ ተቀጥላው ምሥጢር ይጠብቅልናል ይላሉ። ከማውጫ ላይ ስሙን መሰወር በር ላይ መጋረጃ መጋረድ ነው እንጂ መቈለፍ አይደለም፤ ቊልፉ የሚሰጠው በሰነዱ ፈቃድ ላይ ነው።

የትኛውም ተቀጥላ የማያቃናው ጉድለት አለ፤ ይኸውም ማውጫን በመምሪያና በክፍል ስም መደርደር ነው። የመሥሪያ ቤቶች ስም ሲለዋወጥ አይተናል። የባለጉዳይ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ መሬት፣ ግብር፣ የልደት ምዝገባ። ማውጫው በዚህ ቢደረደር ባለሥልጣኑ ቢቀየርም አይፈርስም።

ዋጋውንም በሚመለከት፣ የኮንፍሉዌንስ ተቀጥላ የሚከፈልበት በመድረኩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ቊጥር ነው፤ ማውጫውን የሚያሰናዳው አንድ ሰው ቢሆንም ሒሳቡ በሁሉም ላይ ይታሰባል። ስለዚህ የነጻ ሙከራው ወር ሳያልቅ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ አስቀምጦ፣ በመጀመሪያ በመድረኩ በራሱ ማውጫ፣ ቀጥሎም በተቀጥላው፣ የይዞታ መመሪያውን አውጪ ብሎ ሰዓት መያዝ ነው። በሁለቱም እኩል ጊዜ ከፈጀባት ገንዘቡ በሣጥን ይቀመጥ።