የተፈቀደ ጥናት፣ ያልተነገረን ውጤት

ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

«ጥናቱ የተፈቀደ ነው» የምትለዋን አባባል ላስታ ውስጥ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ደብዳቤ ይመጣል። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ደብሩ ይወርዳል። ከዚያ አባቶች ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ፣ መጽሐፉ ከጨርቁ ይፈታል፣ መስቀሉ ይወጣል፣ ድንጋዩ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተባብሎ መለያየት ነው። በቃ። ደብዳቤው በወረደበት መንገድ ውጤቱ ተመልሶ ሲወርድ ግን እኔ አላየሁም። ያያችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ደስ ነው የሚለኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው። ጥናት ሲጀመር ሕግ እንዳለው ሁሉ ሲያልቅም ሕግ ይኑረው። በተጠናው ቦታ፣ በቦታው ቋንቋ፣ ለቦታው ሰው ያልተነገረ ጥናት አላለቀም። ያላለቀ ጥናት ያለው ተመራማሪ ደግሞ ሌላ ፈቃድ አይሰጠው።

ሲጀመር ሕግ አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንም ሰው ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ የቅርስ ጥናት ማካሄድ አይችልም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ፈቃዱን የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፣ ሪፖርቱም የሚገባው አዲስ አበባ ነው። አሸተን ማርያም ላይ ያሉት አባት፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በብርድ ቁጭ ብለው መጽሐፉን ለዘመናት ከጠበቁት ወገን የሆኑት፣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታቸው የት ነው? ቁልፍ ከፋች ናቸው። ሌላ የላቸውም።

አንዳንዱ «ምን ያደርግላቸዋል፣ አይገባቸውም» ይላል። እስቲ ይኼን እንፈትሽ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፎቬል፣ ዴራ፣ ቦስክ-ቲዬሴና ባልደረቦቻቸው ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «አንቲኩዊቲ» በተባለው የአርኪዮሎጂ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው። ግንብ ሲሠራ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍልፍል ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ አንድ በር ደጅ አጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ካያችሁት፣ በሩ ሲከፈት መሬቱ እዚያ ከፍታ ላይ ነበር፣ በኋላ ደጁ ወደ ታች ተቆፍሯል ማለት ነው። አንዱ ቦይ ሌላውን ከቆረጠው ቆራጩ በኋላ የመጣው ነው። እንዲህ እያሉ ሲያነቡት ሥራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ምዕራፍ የተከናወነ ሆኖ አገኙት። ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይና አፈር የት ተደፋ የሚለውንም ጠይቀዋል።

አሁን ንገሩኝ፣ ይኼ ለማን ነው የማይገባው? የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በአሥር ደቂቃ ይገባዋል። ድንጋይ ጠርቦ የሚያድር የሮሃ ሰው ከእኔም ከፕሮፌሰሩም በላይ ይገባዋል፤ መሮ የያዘው እሱ ነዋ! «ይቺ ጥርብ ከዚያች ትቀድማለች» ብሎ ሊያርማቸውም ይችል ነበር። የጎደለው የእሱ መረዳት አይደለም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ መጽሔቱ የክፍያ ነው፣ ንገሩት ያለም የለም።

ያልተነገረ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወሬ ሆኖ ይመጣል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ የተፈለፈሉት ከቅዱስ ላሊበላ በብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ ለሌላ አገልግሎት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። አስጎብኚ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ይህን ከየት ነው የሰማችሁት? ከቱሪስት አይደለም? መጽሐፉን አውሮፕላን ውስጥ አንብቦ የመጣ እንግዳ በገዛ ደጃችሁ ሲጠይቃችሁ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያፍራል፣ አንዱ «ጠላት የጻፈው ነው» ይላል። አልፈርድባችሁም። በራሱ ቤት ጉዳይ መጨረሻ የሰማ ሰው ምን ይሆናል?

እኔ ጥናቱን አልፈራም። ገድሉ መላእክት ሌሊት እንዳገዙ ይነግረናል፤ ድንጋዩ የመሮውን ምልክት ያሳየናል። ሁለቱን ይዞ መኖር ለላስታ ሰው አዲስ አይደለም። ተመራማሪው መጥቶ በሊቃውንቱ ፊት ቆሞ ይናገር፣ መሪጌታው ይጠይቁት፣ ይከራከሩት። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪ መምህሩን ሞግቶ የሚያድግበት አገር እኮ ነው፣ ክርክር ያስደነግጠናል እንዴ?

ደግሞ የሚያስቆጣው ብቻ ነው የሚደርሰን፤ የሚያስደስተው እዚያው ይቀራል። ክሌር ቦስክ-ቲዬሴ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የእንጨት መንበረ ታቦቶች መዝግባ እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትማለች። ከነሱ ውስጥ የንጉሥ ላሊበላ ስም በግእዝ የተቀረጸባቸው አሉ። አስቡት! «ላሊበላ ተረት ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ምን አለ? ይህን በፈረንሳይኛ ፓሪስ ያለ ሰው ያነበዋል። ቅዳሴ የሚያስቀድሰው የኔ ተማሪ አያውቀውም።

«ታዲያ አባቶች ለምን አጥኚ ይጠራጠራሉ» የሚባለውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥርጣሬው ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ የዘመቻው አርኪዮሎጂስት ሆኖ አብሮ መጥቷል። ሙያው ጥናት፣ ደብዳቤው ሕጋዊ። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር ጅቡቲ የተጓዘው የማርሴል ግሪዮል የሳይንስ ጉዞ ደግሞ የፈረንሳይ ፓርላማ በሕግ በጀት ያጸደቀለት ነበር። ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው ተነሥተው ሄዱ፤ በምትካቸው ከቡድኑ ጋር የነበረ ሠዓሊ የሣለው ቅጂ ተተወ። ዋናው ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ቅጂው ለኛ፣ ዋናው ለነሱ። እዚሁ እኛ ዘንድ ደግሞ አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ፣ የተመለሰው በ2001 ነው። ሌባው አጥኚ ነበር አላልኩም። ግን ይህን ሁሉ ያየ ሰው መጽሐፉን በሦስት ጨርቅ ቢጠቀልል ይፈረድበታል?

የዛሬዎቹ እንደዚያ አይደሉም፤ ይህን ማለት ፍትሕ ነው። ዕቃ አይወስዱም፣ ብዙዎቹ አገሩን ይወዱታል፣ ግእዝ የሚያነቡም አሉ። ነገር ግን ዕውቀትም ሀብት ነው። ዕቃው እዚህ ቀርቶ ዕውቀቱ ብቻውን ከሄደ ያው «ቅጂው ለኛ» ነው።

ፈረንጅ ብቻ እየነካሁ እንዳይመስላችሁ። የራሳችን ዩኒቨርሲቲዎች ይብሳሉ። የኛ ልጅ ለማስተርሱ መጠይቅ ይዞ ይመጣል፣ ገበሬውን ከእርሻው አስቁሞ ሠላሳ ጥያቄ በአማርኛ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሲጠይቅ አማርኛ የቻለ ሲመልስ ለምን አቃተው? የአቡነ ዮሴፍን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚያጠናውም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቀይ ቀበሮ ነው የቀረው ይባላል፤ ከነዚያ ጥቂቶቹ እዚህ ከበላያችን አሉ። አብሯቸው የሚኖረው ገብስ የሚዘራውና በግ የሚያግደው ሰው ነው። ቀበሮው በጉን ሳይሆን በብዛት አይጥ እንደሚበላ ለዚያ እረኛ ካልተነገረው ለማን ሊነገር ነው?

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፣ የሕይወት ጉዳይም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት የሚሸፍኑ አራት ግዙፍ ጥላዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተባለ። ይኸው አሉ። በ2011 መግቢያ ላይ ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ፣ «ቅርሳችን ሊጠፋ ነው» አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው ድጋፍ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህም ሲለካና ሲጠና ቆይቷል። የሚጠናው እኛ በየቀኑ የምንገባበት ቤት ነው። ስንጥቁ ከዝናብ ነው ወይስ ከድርቀት? ጥላው ሲነሳ ምን ይተካዋል? ንፋስ ሲነሳ ምሰሶው ይችለዋል? ይህን ማወቅ ያለበት በቤተ አማኑኤል ሥር ቆሞ የሚያስቀድሰው ሰው ነው። ሰልፍ ከመውጣቱ በፊት ቢነገረው ኖሮ ግማሹ ፍርሃት በጠራ ነበር፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ይሆን ነበር።

«ፈቃድና ውል ካለ ይበቃል» ለሚሉኝ ደግሞ ጤፍን ላስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ተፈረመ። የተፈቀደ፣ የተፈረመ፣ የታተመ። ኩባንያው በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያዘ፣ በኋላ ከሰረ፣ ለኛ የደረሰን ጥቅም እዚህ ግባ የማይባል ነው። መብቱን ኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነው። ፊርማ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። ዘበኛ የሚሆነው የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ከፈቃድ ሰጪው፣ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም ከዩኒቨርሲቲዎችም የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

1. ማንኛውም የተፈቀደ ጥናት ሲያልቅ ሁለት ሦስት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው። አንዱ ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ አንዱ ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት።

2. አጥኚው አንድ ቀን መጥቶ ለሕዝቡ ይናገር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እዚያው አለ። አዳራሽ አበል አያስፈልግም።

3. እነዚህን ሁለቱን ያላደረገ ፈቃዱ አይታደስለት።

«የትርጉም በጀት የለም» ይባላል። ለአውሮፕላን፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለድሮን በጀት የተገኘለት ጥናት ለሦስት ገጽ ካጣ፣ የጎደለው ገንዘብ አይደለም። እኔ ባለ ዲፕሎማ አስተማሪ ነኝ፣ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም፤ ግን ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በነፃ እንተረጉማለን። ጽሑፉን ብቻ ስጡን። ይኸው በአደባባይ ቃል ገባሁ።

በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለናንተ ናት። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከዚህ አካባቢ የሠራችሁ ብዙ ናችሁ። ማንንም አዋጅ ሳትጠብቁ ሦስት ገጽ በአማርኛ ጻፉና ለትምህርት ቤታችሁ ላኩ። ወይም ለበዓል ስትመጡ አንድ ክፍለ ጊዜ እሰጣችኋለሁ፣ ለታናናሾቻችሁ ተናገሩ። አሸተንም ውጡ። አባ በሩን ከፍተውላችሁ ነበር፤ ምን እንዳገኛችሁ ንገሯቸው።

ሐሳቤን የምትቃወሙ ከታች ጻፉ፣ እንከራከር። የምትስማሙ ፈቃድ የሚፈርም ሰው ጋ እስኪደርስ ሼር አድርጉት።