ትዕግሥትና ዝምታ ለየቅል ናቸው

“ታገሥ” የማይባልበት የኢትዮጵያዊ ቤት የለም። ለታመመ ሰው ታገሥ እንላለን። ልጅ ለሞተባት እናት፣ ሥራ ላጣ ወጣት፣ በባሏ ለምትደበደብ ሚስት፣ ያለ ፍርድ ለታሰረ ሰው ቤተሰብ ሳይቀር ታገሡ እንላለን። ቃሉ የተቀደሰ ስለሆነ ማን ለማን ለምን እንደሚለው አንጠይቅም። የታመመ ልጇን አቅፋ ሌሊቱን የምታነጋ እናት “አምላኬ ትዕግሥቱን ስጠኝ” ስትልና፣ የድሃ ቤት አፍርሶ ፎቅ ያስገነባ ባለሥልጣን “ሕዝቡ ትንሽ መታገሥ አለበት” ሲል ግን ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ አይደለም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው የሃይማኖት መምህር ሆኜ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በድልድይና በሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ትምህርቴም ሥራዬም ስለ ሸክም ነበር፤ ምን ያህል ጭነት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ላይ ያርፋል የሚል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስን ረጋ ብዬ ሳነብ አንድ ነገር እየጎላ ታየኝ። በስሙ የሚሰበክልን ትዕግሥትና በውስጡ የተጻፈው ትዕግሥት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ለመሆኑ መታገሥ ማለት ምን ማለት ነው? የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ጋር ላንሣ።

ኢዮብ ዝም አላለም

የትዕግሥት ምሳሌ ጥሩ ሲባል ሁላችንም የምንጠራው ኢዮብን ነው። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው የመጽሐፉን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ እስከ 31ኛው ምዕራፍ ድረስ ይከራከራል፣ ይጠይቃል፣ ያለቅሳል፣ ፈጣሪውን ለፍርድ የሚጠራ እስኪመስል ድረስ ይሟገታል። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ላይ መልካም አድርገው ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይህ የእኛም አገር የለቅሶ ደራሽ ወግ ነው። ችግሩ የመጣው መናገር ሲጀምሩ ነው። “አንድ ጥፋት ቢኖርብህ ነው እንጂ ይህ ሁሉ አይደርስብህም” አሉት።

በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በተሟገተው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው በወዳጆቹ ላይ ነው (ኢዮብ 42፥7)። እነርሱ ይቅርታ ያገኙትም ኢዮብ ስለጸለየላቸው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ይህንኑ የጮኸውን፣ የተከራከረውን ሰው ነው የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ የጠራው። እንግዲህ ትዕግሥት ማለት አፍን መዝጋት ቢሆን ኖሮ ኢዮብ ምሳሌ ባልሆነ ነበር።

የኢዮብ ወዳጆች ዛሬም አልሞቱም። በየአዳራሹ “እምነት ካለህ አትታመምም፣ እምነት ካለህ አትደኸይም” እያሉ የሚሰብኩ አሉ። ሐኪም ቤት የተኛ ሰው አልጋ አጠገብ ቆመው እምነት ጎድሎህ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ያሳምመዋል። በሌላ በኩል ደግሞ “የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው” ብለው በሰው እጅ የተሠራውን ግፍ በእግዚአብሔር ላይ የሚለጥፉ አሉ። ወባ በሽታ ነው፤ መድኃኒት ተሰርቆ ወባ የገደለው ሕፃን ግን ሌባ የገደለው ነው። ይህን ሁለቱን መለየት ያልቻለ ስብከት ለሌባው መጠለያ ይሆናል።

የደመወዝ ጩኸት

የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 አውጥታችሁ አንብቡ። ስለ ትዕግሥት የሚነግረን ቁጥር 7 ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉት ስድስት ቁጥሮች ግን በስብከት ብዙም አይነሡም። እዚያ ያለው ለባለጠጎች የተነገረ ከባድ ተግሣጽ ነው። እርሻቸውን ያጨዱላቸው ሠራተኞች ደመወዝ በመከልከሉ ደመወዙ ራሱ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም በእግዚአብሔር ጆሮ እንደገባ ይናገራል። “እንግዲህ ታገሡ” የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሐዋርያው ለባለጠጋው ያለው አልቅስ ነው፤ ለተበደለው ያለው ጩኸትህ ተሰምቷልና ጽና ነው። እኛ አገር ግን ባለጠጋውና ባለሥልጣኑ የድሃውን ጥቅስ ቀምተው መልሰው ለድሃው ያነቡለታል።

ይህ ተረት አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ መንግሥት ለበርካቶቹ የሰጠው መልስ እስር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት ሲያተርፍ አድሮ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ደመወዝ የሚቀበል ሐኪምን “ታገሥ” ማለት የያዕቆብን መልእክት ገልብጦ ማንበብ ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ወስዶባት፣ የወራት ደመወዟ ተይዞባት፣ ስልኳ ተነጥቆ የምትኖር ልጅ ወደ እናቷ በደወለች ጊዜ “ቻይው ልጄ፣ ያልፋል” ትባላለች። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትበል? እጇ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው። ኤምባሲው ግን ከዚህ ሌላ የሚለውና የሚያደርገው ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲባረሩ፣ ብዙዎቹ የለፉበትን ገንዘብ ሳይቀበሉ እንደተመለሱ ሁላችንም ሰምተናል።

ያዕቆብ የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርበው ገበሬን ነው፤ የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ። ገበሬ ቤተሰብ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዝናቡን ማዝነብ አይችልም፤ እሱን ለፈጣሪው ይተወዋል። ነገር ግን ያርሳል፣ ይጎለጉላል፣ ያርማል፣ ወፍና ዝንጀሮ ሲጠብቅ በማማ ላይ ይውላል። ተኝቶ የሚጠብቅ ገበሬ ታጋሽ አይባልም፤ ሰነፍ ነው የሚባለው።

ሐናንያ በየዘመኑ

እስካሁን ባለሥልጣኑንና ሰባኪውን ወቀስኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ በውጭ ለምንኖረው ነው።

በነቢዩ ኤርምያስ ዘመን የይሁዳ ሰዎች ወደ ባቢሎን ተማርከው ሳለ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሣ። በሕዝብ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ኤርምያስ መልሶ “አሜን፣ እንደ አፍህ ይሁንልን” አለው፤ እርሱም ቢሆን ይህን ይመኝ ነበርና። ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነበር። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ዘመኑም 70 ዓመት መሆኑን ነገራቸው (ኤርምያስ 28 እና 29)። የትኛው ነቢይ የበለጠ የተጨበጨበለት ይመስላችኋል?

የእኛ ስደት ስንት ሐናንያ አይቷል! ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የወጣው ትውልድ ሻንጣውን ሳይፈታ ኖረ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ “በቃ፣ ልንገባ ነው” ተባለ። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ “ቢበዛ ሁለት ዓመት” ተባለ። በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ሲባል በየአዳራሹ እልል ተባለ፤ ሁለት ዓመት ከምናምን ቆይቶ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። ተስፋ ማድረግ ኃጢአት አይደለም። ቀን ቆርጦ ተስፋ መሸጥ ግን ሰውን ይሰብራል። በሁለት ዓመት የተነገረው አልሆን ሲለው ብዙ ጎበዝ ወጣት እምነቱንም ትግሉንም ጥሎ ሄዷል። የቀረውም ንዴቱን በወገኑ ላይ አወረደው፤ ዘር እየቆጠረ፣ እናት እየሰደበ። ትዕግሥት ካላቸው ጥቅሞች አንዱ የሚታገሉትን ክፉ እንዳይመስሉ መጠበቁ ነው። ይህን የምንረሳው እኛ ተቃዋሚዎች ነን።

ቤተ ክርስቲያናችንም የዚህ ምስክር ናት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ለሁለት ተከፍሎ 26 ዓመት ያህል ቆየ። በውጭ አገር አንድ ከተማ ውስጥ ወንድማማቾች በተለያየ ደብር አስቀደሱ፤ በሰርግ ተለያዩ፣ በቀብር ሳይቀር ተለያዩ። ዕርቁ በዋሽንግተን ተፈጽሞ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው የገቡት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ያረፉትም በየካቲት 2014 ዓ.ም. በአገራቸው ምድር ነው። በእነዚያ ዓመታት “አይሆንም” ከተባሉ በኋላ እንደገና በር ያንኳኩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጌታ በምሳሌ የነገረን መበለት ዓመፀኛውን ዳኛ ያሰለቸችው በዚሁ መንገድ ነው (ሉቃስ 18)። ትዕግሥቷ በመመላለሷ ነው የታወቀው።

አርማታ ውሃ ይፈልጋል

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው አርማታ የሚጠነክረው በመድረቁ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይሰነጠቃል፤ ጥንካሬውም ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። በ7ኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የ28ኛው ቀን ጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ያገኛል። እስከዚያው ድጋፉ አይነቀልም። ከላይ ሲያዩት የተጠናቀቀ ይመስላል፤ ተቻኩሎ ድጋፉን የሚነቅል ሰው ግን ሰው ይገድላል።

መከራ ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ ነው። “ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች” ብለን የምንተዋት ሴት እየደረቀች ሊሆን ይችላል። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ለማሳጠብ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ታስሮ የሚውል ወንድም ታገሥ ከሚለው ሰው ይልቅ መኪናውን አስነሥቶ የሚያመላልሰው ሰው ያስፈልገዋል። ተራ ገብተው የሚያመላልሱ፣ ሾርባ ይዘው የሚሄዱ፣ ሁለት ሥራ ሠርተው በሦስተኛው ሰዓታቸው የሰው አስታማሚ የሆኑ ወገኖች በየከተማው አሉ። ትዕግሥትን የሚያጠጡት እነርሱ ናቸው።

የጸኑት ምን አደረጉ?

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት አርበኞችን አውግዝ ሲባሉ እምቢ ብለው ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ለ10 ዓመት ገደማ ታስረው ተሠቃይተዋል። እነዚህ ሰዎች ታጋሾች ነበሩ። አንዳቸውም ግን ዝም አላሉም። መጽሐፍ ቅዱስ በግሪክኛው ጽናትን የሚጠራበት ቃል ከሸክም ሥር ሳይሸሹ መቆየት ማለት ነው። ምሰሶ ከሸክሙ አይሸሽም። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ደግሞ ድምፅ ያሰማል፤ መሐንዲስ ይህን ድምፅ ሰምቶ ዝም ካለ ሕንፃው ይፈርዳል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የታመመ ስንጠይቅ ምክንያቱን ለማስረዳት አንቸኩል፤ አብረን እንቀመጥ። ደመወዙ የተቀማ ወገን ሲጮህ ጸጥ አናሰኘው፤ አብረን እንጩህ፣ እንጻፍ፣ ጠበቃ እናቁም። ለሕዝባችን ደግሞ ቀን ቆርጠን ተስፋ አንሽጥለት። ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው፤ እርሻው የእኛ ነው።

እግዚአብሔር ለሚጮኹት ሁሉ ጽናቱን፣ ለምንሰማውም ጆሮውን ይስጠን። ቸር ይግጠመን!